ለካርቱም ሙዚቃ ሊሚተር አመራረጥ

ሊሚተር በማስተሪንግ ሥራ መጨረሻ ላይ የሚገባ፣ የድምፁ ከፍተኛ ነጥብ ከተወሰነለት ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ መሣሪያ ነው። ሚክሱ ያለቀ ዘፈን ወደ ሊሚተሩ ሲገባ ጉልበቱ ይጨመራል፤ ከጣሪያው አልፈው ሊወጡ የሚሞክሩት ቅጽበታዊ ምቶች ግን ተጨፍልቀው ከጣሪያው ሥር ይቀራሉ። በዚህ መንገድ ዘፈኑ በአጠቃላይ ከፍ ብሎ ይሰማል። ሥራው ይህ ብቻ በመሆኑ በገበያ ላይ ያሉት የሊሚተር ፕለጊኖች ሲታዩ ተመሳሳይ ይመስላሉ። የሚለያዩት ምቱን በሚይዙበትና በሚለቁበት መንገድ ነው። አንዱ የከበሮውን ጥፊ ያለዝባል፣ ሌላው ቫዮሊኖቹን ከከበሮው ጋር ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ሌላው ደግሞ የድምፃዊውን ትንፋሽ ያሻክራል። ምርጫው መጀመር ያለበትም ከሙዚቃው ነው።

በካርቱም፣ በኦምዱርማንና በባሕሪ የሚሠራው ሙዚቃ ለኢትዮጵያ ጆሮ ባዳ አይደለም። በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የቆመ በመሆኑ የሱዳን ድምፃውያኑ ሰይድ ኸሊፋና መሐመድ ዋርዲ በኢትዮጵያ እንደ አገር ልጅ ተደምጠዋል፤ ዋርዲ እ.ኤ.አ. በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ዝግጅትም በአልበም ወጥቷል። ይህ ዝምድና ግን በማስተሪንግ ጊዜ ሊያሳስት ይችላል። ዜማው ቢቀራረብም የመሣሪያዎቹ አመታትና የከፍታ ልዩነታቸው ሌላ ነው። ለአዲስ አበባ የባንድ ሙዚቃ የተስተካከለ ሊሚተር ሳይነካ ወደ ሱዳን ዘፈን ሲዛወር ብዙ ጊዜ ምቱን ይገድላል።

ሙዚቃውን መለየት

የመጀመሪያው እርምጃ ማስተር የሚደረገው ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ መለየት ነው። በሱዳን የከተማ ሙዚቃ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ድምፅ አለ፤ ሦስቱም ከሊሚተር የሚፈልጉት የተለያየ ነው።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1940 ከተመሠረተው ከኦምዱርማን ሬዲዮ ጋር አብሮ ያደገው የኦርኬስትራ ሙዚቃ ነው። በርካታ ቫዮሊኖች አንድ ዜማ አብረው ይጫወታሉ፤ አኮርዲዮን፣ ኡድ፣ ቦንጎና ቤዝ ጊታር ያጅባሉ፤ ድምፃዊው ከሁሉም ፊት ይሰማል። የዚህ ሙዚቃ ውበት ሳይቋረጥ በሚዘልቀው የቫዮሊን መስመር ላይ ነው። ሊሚተሩ በቦንጎው ምት ሁሉ ድምፁን ዝቅ እያደረገ ቀስ ብሎ የሚመልስ ከሆነ ቫዮሊኖቹ ሲተነፍሱ ይሰማሉ። በስቱዲዮ ቋንቋ ፓምፒንግ የሚባለው ይህ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚፈለገው ሊሚተር ጥቂት የሚነካ፣ ሲነካም ሳይታወቅ የሚለቅ ነው።

ሁለተኛው ደሉካ ነው። ደሉካ ከሸክላ የተሠራ፣ ቆዳ የተወጠረበት ከበሮ ሲሆን በሠርግና በሴቶች ዝግጅት ላይ ሴቶች እየመቱ ይዘፍኑበታል። የደሉካ ቅጂ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ቀርቦ ሲታይ የእጁ ጥፊ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይወጣና በጥቂት ሚሊሰከንድ ውስጥ ይወርዳል፤ ከኋላው የሸክላው ሆድ ድምፅ ወፈር ብሎ ይከተላል። ይህ ጥፊ ከዘፈኑ አማካይ ከፍታ በአሥር ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሊበልጥ ይችላል። ሊሚተሩ መጀመሪያ የሚያገኘውና የሚጨፈልቀው እሱን ነው። ጥፊው ከጠፋ የሚቀረው ሆዱ ብቻ ይሆናል፤ ከበሮው ርቆ ይሰማል፣ ዘፈኑም የሚያስጨፍርበትን ጉልበት ያጣል። ደሉካ ያለበት ሥራ ስለዚህ ሊሚተርን ለመፈተን ከሁሉ የተሻለ ነው። ደሉካን ሳያበላሽ የያዘ ሊሚተር በሌላው ላይ ብዙም አይቸገርም።

ሦስተኛው በሠርግ ቤት የገነነው፣ ኪቦርድ የሚመራው ፈጣኑ ዘኒግ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ከበሮውና ቤዙ ከኪቦርዱ ሲወጡ ገና የተጨመቁ ስለሆኑ በከፍተኛው ነጥብና በአማካዩ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ሊሚተሩ ጥፊ የማለዘብ ሥራ አይበዛበትም። ችግሩ ከታች፣ ቤዙ ላይ ይመጣል፤ ምክንያቱ ስለ ሪሊዝ በሚነገርበት ቦታ ይብራራል።

ከእነዚህ ሌላ ከካሴትና ከሪል ቴፕ የሚወጣ የቆየ ቅጂ አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለው አሳታሚ የሱዳንን የቫዮሊንና የሲንተሳይዘር ዘመን በስብስብ አልበም፣ ሌላው አሳታሚ ሐቢቢ ፈንክ ደግሞ የድምፃዊውን የካማል ከይላን ቅጂዎች ካወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ የሚጠይቁ ባለቤቶች አሉ። በቴፕ ላይ ሊሚተር ስድስት ዴሲቤል ጉልበት ሲጨምር ከዘፈኑ ጋር የቴፑ ሽሽታም ስድስት ዴሲቤል ያድጋል። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ የትኛውም ምርጥ ሊሚተር ቢሆን ከሁለት ወይም ከሦስት ዴሲቤል በላይ ባይገፋ ይመረጣል።

መድረሻውን መወሰን

ሁለተኛው እርምጃ ዘፈኑ የት እንደሚደመጥ አስቀድሞ ማወቅ ነው። የድምፅ ከፍታ ዛሬ የሚለካው እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ባወጣው ቢ.ኤስ. 1770 በተባለው ደንብ ሲሆን መለኪያውም ሉፍስ ይባላል። ሉፍስ የሚለካው የአንድን ቅጽበት ነጥብ አይደለም፤ ጆሮ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ምን ያህል ጮኽ ብሎ እንደሚሰማው ለመገመት የተሠራ ነው። የአውሮፓ ብሮድካስተሮች ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ይዞ ለስርጭት -23 ሉፍስን መደበኛ አድርጓል። ዘፈኑ ለቴሌቪዥን የሚሄድ ከሆነ ጣቢያው የሚቀበለውን ቁጥር በቅድሚያ ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ወደ -14 ሉፍስ፣ አፕል ሙዚክ ደግሞ ወደ -16 ሉፍስ ያስተካክላሉ። ይህ ማለት በ-8 ሉፍስ የተጫነ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ በስድስት ዴሲቤል ያህል ዝቅ ተደርጎ ይቀርባል ማለት ነው። ጩኸቱ ተመልሶ ሲወሰድ የተጨፈለቀው ጥፊ ግን አይመለስም። ስለዚህ እንዲህ የተጫነ የደሉካ ዘፈን፣ ጥፊው ተጠብቆለት በ-13 ሉፍስ ከተጫነ ሌላ ዘፈን ጎን ሲሰማ ደካማው እሱ ይሆናል። ዩቲዩብ ላይ በቪዲዮው ላይ በቀኝ ጠቅ ሲደረግ የሚወጣው ስታትስ ፎር ነርድስ የተባለው ሰሌዳ ዘፈኑ ከመደበኛው ምን ያህል እንደበለጠ ወይም እንዳነሰ ያሳያል። አንድ የራስን ሥራና አንድ የሚወደድ ሥራ በዚህ ሰሌዳ አወዳድሮ ማየት ከብዙ ንባብ የበለጠ ያስተምራል።

ካርቱም ውስጥ ግን ዘፈን የሚጓዘው በእነዚህ መድረኮች ብቻ አይደለም። በዋትስአፕ ይላካል፣ በሚሞሪ ካርድ ይገለበጣል፣ ራክሻ በሚባለው ባጃጅ ስፒከር ይጮኻል፣ በሠርግ አዳራሽ ትልልቅ ስፒከሮች ይለቀቃል። በእነዚህ ቦታዎች ከፍታውን የሚያስተካክል የለም፤ ዝቅ ብሎ የተሠራ ዘፈን ከሌላው ኋላ ሲመጣ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ለሠርግ ቤት የሚሠራ አቀናባሪ ድምፁ ከፍ እንዲል መፈለጉ ተገቢ ምክንያት አለው። ዘኒግ እስከ -9 ሉፍስ ቢገፋ ብዙ አይጎዳም። ደሉካ ያለበት ዘፈን በ-12 እና በ-11 መካከል፣ የኦርኬስትራ ሥራ ደግሞ በ-14 አካባቢ ቢቆም ይሻላል። እነዚህ ቁጥሮች ሕግ አይደሉም፤ ጆሮ ከእነሱ ቀድሞ አቁም ካለ መቆም ነው። ከመጠን በላይ መግፋት ምን እንደሚያደርስ ዓለም በሙሉ ያየው የሜታሊካ ዴዝ ማግኔቲክ የተባለው አልበም እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ነው። አድማጮች የአልበሙን ዘፈኖች በቪዲዮ ጌም ውስጥ ከገባው፣ ያን ያህል ካልተጨፈለቀው ቅጂ ጋር አነጻጽረው በአልበሙ ላይ ቅሬታቸውን በይፋ አሰምተዋል።

ፕለጊኑ ሊኖሩት የሚገቡ ነገሮች

ሙዚቃውና መድረሻው ከታወቁ በኋላ የፕለጊኑ ይዘት ይታያል። ዋናው ጉዳይ የትሩ ፒክ ጣሪያ ነው። ዲጂታል ድምፅ በተናጠል ነጥቦች የተመዘገበ ነው፤ ወደ ስፒከር ሲወጣ ነጥቦቹ በመስመር ይገናኛሉ፤ መስመሩም በሁለት ነጥቦች መካከል ከሁለቱም በላይ ሊወጣ ይችላል። ነጥቦቹን ብቻ የሚያይ ሊሚተር ጣሪያው ዜሮ ላይ ቢደረግለትም መስመሩ ከዜሮ ሲያልፍ አያውቅም። ፋይሉ ወደ ኤምፒ3 ወይም ወደ ኤኤሲ ሲቀየር ችግሩ ይብሳል፤ መጭመቁ ራሱ አዳዲስ ከፍታዎችን ይፈጥራል። የትሩ ፒክ ምርጫ ያለው ሊሚተር ይህን መስመር ገምቶ ይይዛል። ጣሪያው -1 ዴሲቤል ላይ መቀመጡ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል፤ ዘፈኑ ዝቅተኛ ጥራት ባለው ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ የሚዘዋወር ከሆነ -1.5 የበለጠ ያስተማምናል።

ሉክአሄድ የሚባለው ሊሚተሩ መጪውን ምት በጥቂት ሚሊሰከንድ ቀድሞ የሚያይበት ነው። ቀድሞ ሲያይ ድምፁን በዝግታ ዝቅ ለማድረግ ጊዜ ያገኛል፤ ካላየ በድንገት ይቆርጣል፣ መቆረጡም ይንጫጫል። በማስተሪንግ ጊዜ መዘግየቱ ማንንም ስለማይጎዳ ሉክአሄድ የሌለውን ፕለጊን መምረጥ አያስፈልግም።

ሪሊዝ ሊሚተሩ ከያዘ በኋላ የሚለቅበት ፍጥነት ሲሆን ከሁሉም በላይ በጆሮ የሚታወቀው እሱ ነው። ዘገምተኛ ሪሊዝ ፓምፒንግ ያመጣል። ፈጣን ሪሊዝ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ ነገር ግን ቤዙን ሊያበላሽ ይችላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ቤዝ አንዱን ዙር ለመጨረስ 20 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። ሊሚተሩ በአምስት ሚሊሰከንድ የሚለቅ ከሆነ የዘፈኑን ከፍታ መከተሉን ትቶ የቤዙን እያንዳንዱን ሞገድ መቅረፅ ይጀምራል። የሚሰማው ውጤት ቤዙ ሲሻክርና ሲያጉረመርም ነው። ዘኒግ ላይ የሚያጋጥመው ይህ ነው። ስለዚህ ሪሊዙን በእጅ ለማስተካከል የሚያስችል፣ ወይም እንደ ሙዚቃው ሁኔታ ራሱን የሚቀያይር ፕለጊን ይመረጣል፤ ሪሊዙ በአንድ ፍጥነት የተቆለፈ ፕለጊን ለአንዱ ዘፈን ሲመች ለሌላው አይመችም።

የግራና የቀኝ ማያያዣም አለ። ሁለቱ ወገኖች ሲያያዙ አንዱ ሲያዝ ሌላውም እኩል ዝቅ ስለሚል የመሣሪያዎቹ አቀማመጥ አይናወጥም። ሲለያዩ ጥቂት ተጨማሪ ከፍታ ይገኛል፤ ቫዮሊኖቹ በአንድ ወገን የተቀመጡበት ቅጂ ላይ ግን የመሐሉ ድምፃዊ ወደ ጎን ሲንሸራተት ይሰማል። ኦቨርሳምፕሊንግ ደግሞ ፕለጊኑ በውስጡ የናሙናውን ብዛት አራት፣ ስምንት ወይም ከዚያ በላይ እጥፍ አድርጎ የሚሠራበት ነው፤ መሻከርን ይቀንሳል፣ የኮምፒውተሩን አቅም ግን ይበላል።

በጆሮ መፈተን

ፈተናው የሚሠራው እጩ ፕለጊኖች ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ጆሮ ይደክማል። ከዘፈኑ ውስጥ ሃያ ሰከንድ የሚሆን፣ ደሉካው በሙሉ ጉልበት እየተመታ ድምፃዊዋ የምትገባበት ቦታ ይመረጣል። የሁሉም ፕለጊኖች ጣሪያ -1 ላይ ይቀመጣል። ከዚያ የከፍታ ቅነሳውን የሚያሳየው ጠቋሚ በጥፊው ላይ ሦስት ዴሲቤል እስኪነካ ድረስ ጉልበት ይጨመራል፣ ፋይሉም ይወጣል። ይኸው በስድስት ዴሲቤል ይደገማል።

ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የሚዘለው፣ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ነው። የወጡት ፋይሎች ሁሉ በሉፍስ ተለክተው፣ የበለጡት ዝቅ ተደርገው፣ እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጣሉ። ሊሚተር ያልገባበት ፋይልም አብሮ ይሰለፋል። የሰው ጆሮ ከሁለት ተመሳሳይ ድምፆች ጥቂት ጮኽ ያለውን ይወዳል፤ አንድ ዴሲቤል ልዩነት እንኳ ፍርዱን ያዛባል። ከፍታው ሳይስተካከል የተደረገ ንጽጽር የሚመርጠው የጮኸውን ፕለጊን እንጂ የተሻለውን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ፋይሎቹ ስማቸው ሳይታይ ይደመጣሉ። በመጀመሪያው ዙር ጆሮ በደሉካው ጥፊ ላይ ብቻ ይቆያል፤ ቆዳው ሲመታ ይሰማል ወይስ ለዝቧል? በሁለተኛው ዙር በድምፃዊዋ ላይ፤ ትንፋሿና የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፆቿ ሻክረዋል? በሦስተኛው ዙር ከኋላ ባሉት፣ ቫዮሊን ወይም ኪቦርድ በሚይዙት ረጅም ድምፆች ላይ፤ ከከበሮው ጋር ከፍ ዝቅ ይላሉ? በመጨረሻ በቤዙ ላይ። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ለመስማት ሲሞከር አንዱም አይሰማም፤ በዙር ማዳመጡ ጊዜ ቢፈጅም ፍርዱን ያጠራዋል። የቀጥታ ዝግጅት ቅጂ ካለ ጭብጨባውም ጥሩ ፈታኝ ነው፤ ጭብጨባ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጥፊዎች ስለሆነ መጥፎ ሊሚተር ወዲያው ወደ ዝናብ ድምፅ ይለውጠዋል።

ሊሚተሩ የወሰደውን ለብቻው መስማትም ይቻላል። አንዳንዶቹ ፕለጊኖች ለዚህ የተዘጋጀ ቁልፍ አላቸው። ከሌላቸው ሊሚተር ያልገባበትና የገባበት ፋይል በሁለት ትራክ ላይ ፍጹም ተገጣጥመው ይቀመጣሉ፤ ለሊሚተሩ የተጨመረው ጉልበት ያህል ከገባበት ፋይል ላይ ይቀነሳል፤ ከዚያም የአንዱ ፌዝ ይገለበጣል። ሁለቱ ሲደመሩ የጋራ የሆነው ይጣፋና የተወሰደው ብቻ ይቀራል። የሚሰማው አጫጭር ጠቅታ ከሆነ ሊሚተሩ የነካው የምቶቹን ጫፍ ብቻ ነው። የዘፈኑ ግጥም፣ የቫዮሊኑ ዜማ ወይም የቤዙ ጉርምርምታ በግልጽ ከተሰማ ግን እየተቆረጠ ያለው የዘፈኑ ገላ ነው፤ ወይ ፕለጊኑ አልተስማማም፣ ወይ ግፊቱ በዝቷል።

ፈቃድ፣ ኢንተርኔትና መብራት

በሌላ አገር የሚጻፉ መመሪያዎች ስለ ድምፅ ተናግረው ያበቃሉ። በካርቱም የሚሠራ ሰው ግን ፕለጊኑን እንዴት እንደሚገዛና ኔትወርክ ሲጠፋ ይከፈትለት እንደሆነ ማሰብ አለበት። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 በሱዳን ላይ የጣለችው አጠቃላይ ማዕቀብ እስከ 2017 የዘለቀ ሲሆን አገሪቱ ከሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር የወጣችው በ2020 ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በካርድ ከውጭ ሶፍትዌር መግዛት ለአብዛኛው ሰው የተዘጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላም የባንክ ግንኙነቱ በቀላሉ አልተመለሰም። ክራክ የተደረጉ ፕለጊኖች በየስቱዲዮው የተስፋፉት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ዛሬ ግን ጥሩ ሊሚተሮች በነፃ ስለሚገኙ ቫይረስ ይዞ ሊመጣና በሥራ መሐል ሊዘጋ የሚችለውን ክራክ የሚያስመርጥ ምክንያት የለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የሚገዛ ከሆነም ፈቃዱ በራሱ በተጠቃሚው ኢሜይል መመዝገብ አለበት፤ በሌላ ሰው ስም የወጣን ፈቃድ ኮምፒውተር ሲቀየር ማስመለስ አድካሚ ነው።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ ተሞክሮው በግልጽ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በጁን 2019 ከአንድ ወር በላይ፣ ከኦክቶበር 2021 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ከሦስት ሳምንት በላይ ግንኙነት ተቋርጧል፤ በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በቀዳሚው ዓመት በተነሣው ጦርነት ምክንያት ኔትወርኩ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጠፍቷል። በየጊዜው ወደ ኩባንያው ሰርቨር ደውሎ ካላረጋገጠ የማይከፈት ፕለጊን በእንዲህ ያለ ጊዜ ሥራ ያስቆማል። ፋብፊልተርና ቮክሴንጎ የተባሉት ፕለጊን ሠሪዎች የሚሰጡት የፈቃድ ቁልፍ አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ዌቭስ ለማስከፈት አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ፈቃዱን ግን በፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። አይሎክ በተባለው የፈቃድ ሥርዓት የሚጠበቁ ፕለጊኖች ከኮምፒውተሩ ወይም ከአይሎክ ፍላሹ ጋር ከታሰሩ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ በክላውድ ከሆነ ግን ግንኙነቱ ሲቋረጥ ይዘጋሉ። ከመግዛት በፊት ይህን ማጣራት ከድምፁ ፈተና እኩል ይታያል።

የመብራቱና የሙቀቱ ነገርም አለ። ከሚያዝያ ጀምሮ የካርቱም ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ላፕቶፕ ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ብቻ ይቀራል። በከፍተኛ ኦቨርሳምፕሊንግ የሚሠራ ከባድ ሊሚተር በዚህ ጊዜ ድምፁን ይቆራርጣል። ኦቨርሳምፕሊንጉን በሥራ ላይ ዝቅ፣ ፋይል ሲወጣ ከፍ ለማድረግ የሚያስችል ፕለጊን ይመቻል፤ የወጣው ፋይል ግን ድምፁ ጥቂት ስለሚለይ እንደገና መደመጥ አለበት።

በእጅ ያሉ አማራጮች

ፍለጋው የሚጀምረው በመቅጃ ሶፍትዌሩ ውስጥ ቀድሞ ካለው ነው። ሪፐር ሪያሊሚትን፣ ሎጂክ አዳፕቲቭ ሊሚተርን፣ ኪዩቤዝ ብሪክዎል ሊሚተርን ከራሳቸው ጋር ያቀርባሉ፤ ሦስቱም በነጥቦች መካከል ያለውን ከፍታ የመያዝ ምርጫ አላቸው። ለኦርኬስትራ ሥራ፣ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ብቻ ለሚነካ ግፊት፣ ከእነዚህ አልፎ መሄድ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ከነፃዎቹ የቶማስ ሙንት ሎድማክስ ከሁሉም ቀድሞ መሞከር ያለበት ነው። ሁለት ተንሸራታች ብቻ አሉት፤ አንዱ ግፊቱን፣ ሌላው ጣሪያውን ይወስናል፤ የትሩ ፒክ ጥበቃውም በአንድ ቁልፍ ይበራል። ለኮምፒውተር ቀላል ነው፤ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል፤ ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። ሪሊዙን ራሱ ስለሚወስን በዘኒግ ቤዝ ላይ ሲቸገር የሚስተካከልበት መንገድ አለመኖሩ ድክመቱ ነው። ሊሚተር ቁጥር 6 ደግሞ ነፃ ሆኖ ኮምፕሬሰር፣ የፒክ ሊሚተር፣ የከፍተኛ ድምፅ ሊሚተር፣ ክሊፐርና የትሩ ፒክ መከላከያ በአንድ ላይ የያዘ ነው። ለደሉካ ይህ ጥምረት ዋጋ አለው። ክሊፐሩ የጥፊውን ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ዴሲቤል ያህል በቅጽበት ቆርጦ ይለቃል፤ አካባቢውን አይነካም፤ ከኋላ ያለው ሊሚተር የሚሠራው ያንሳል፤ ጥፊውም ሊሚተር ብቻውን ከሚይዘው በተሻለ ሹል ሆኖ ይቀራል። ቁልፎቹ ስለሚበዙ ለጀማሪ አይመከርም። ቶኪዮ ዶን ላብስ ከዚሁ ፕለጊን ሠሪ ጋር ያዘጋጀው ሊሚተር 6 ጂኢ የዚህ ያደገ፣ የሚከፈልበት እትም ነው።

ከሚከፈልባቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፋብፊልተር ፕሮ-ኤል 2 ለካርቱም ሁኔታ ከሁሉም ይስማማል። ስምንት ዓይነት የአያያዝ ስልት አለው፤ ትራንስፓረንት የተባለው ለቫዮሊኑ፣ ፓንቺ የተባለው ለደሉካው መነሻ ይሆናሉ። የሉፍስ መለኪያ በውስጡ አለ፤ የተወሰደውን ለብቻ የሚያሰማ ቁልፍም አለው፤ ፈቃዱ ከኢንተርኔት ጋር አልታሰረም። የአይዞቶፕ ኦዞን ማክሲማይዘር በከፍተኛ ግፊት ጊዜ ጠንካራ ቢሆንም አይአርሲ 4 የተባለው ስልቱ ኮምፒውተሩን በጣም ያደክማል፤ መብራት በሚቆራረጥበት ስቱዲዮ ይህ ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ኤል1 የሶፍትዌር ሊሚተርን ዘመን የከፈተው ዌቭስ ኤል2ንም አስከትሏል፤ ብዙዎች ዛሬም ኤል2ን ይጠቀሙበታል። ኤል2 ትሩ ፒክን ስለማያይ የሚጠቀምበት ሰው ጣሪያውን ከ-1.5 በታች አድርጎ ውጤቱን በሌላ መለኪያ ማጣራት ይኖርበታል።

መለኪያውን ለየብቻ ለሚፈልግ የዩሊን ላውድነስ ሜተር ነፃ እትም ሉፍስንና ትሩ ፒክን አብሮ ያሳያል፤ ከየትኛውም ሊሚተር ኋላ ይቀመጣል። ሎድማክስና ዩሊን አብረው ከተጫኑ አንድ ሳንቲም ሳይወጣ አስተማማኝ ማስተር መሥራት ይቻላል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ለጥሩ የጆሮ ማዳመጫ፣ ከዚያ ለፕሮ-ኤል 2 ቢወጣ ይመረጣል፤ የማይሰማን ጉድለት የትኛውም ፕለጊን አያርመውም።

አሠራሩና ፋይሉ

የተመረጠው ሊሚተር ከኢኪውና ከኮምፕሬሰር ቀጥሎ፣ ከመለኪያው በፊት ይቀመጣል። ጣሪያው መጀመሪያ ይወሰናል። ሪሊዙ ከመካከለኛ ፍጥነት ተነሥቶ ቤዙ ማጉረምረም እስኪጀምር ይፈጥናል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ጥቂት ይመለሳል። ግፊቱ ዘፈኑ ከሁሉ በላይ በሚያይልበት ቦታ እንጂ በመግቢያው ላይ አይስተካከልም። የሚፈለገው ሉፍስ ያለ ጉዳት ካልተደረሰ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ በሚክሱ ላይ ነው፤ ቤዙ ከልክ በላይ ሆኖ ሊሚተሩን ብቻውን ሲያስነሣው ይገኛል። ያኔ ወደ ሚክሱ ተመልሶ ቤዙን በሁለት ዴሲቤል መቀነስ የሊሚተሩን ግፊት ከመጨመር የበለጠ ከፍታ ይሰጣል።

ፋይሉ ወደ 16 ቢት የሚወርድ ከሆነ ዲዘር የተባለው፣ የቢቱ መቀነስ የሚያመጣውን መሻከር የሚሸፍን ስስ ጫጫታ በመጨረሻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባል። ከዚያ ኤምፒ3 ተደርጎ እንደገና በትሩ ፒክ ይለካል፤ ከዜሮ ካለፈ ጣሪያው በግማሽ ዴሲቤል ወርዶ ይደገማል። በመጨረሻ በስልክ ስፒከር፣ በመኪና ወይም በራክሻ ውስጥ፣ ከተቻለም በሠርግ ስፒከር ይደመጣል።

ሊሚተር የጨፈለቀውን ማንም ሊመልሰው ስለማይችል ሊሚተር ያልገባበት ባለ 24 ቢት ፋይል ከማስተሩ ጋር አብሮ መውጣትና መቀመጥ አለበት። ፋይሉ በአንድ ቦታ ብቻ መቀመጡም አያስተማምንም፤ ኦምዱርማን የሚገኘው የአገሪቱ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲነሣ ተይዞ እስከ ማርች 2024 በተዋጊዎች እጅ ቆይቷል፤ ብዙ ሙዚቀኞችም ሃርድ ዲስካቸውን ቤታቸው ትተው ተሰደዋል። የካርቱምን ሙዚቃ የሚሠራ ሁሉ ይህን ፋይል ዛሬውኑ በሁለት ቦታ፣ አንዱን ከከተማው ውጭ፣ ያስቀምጥ።